ድንኳን ያስመጣው ጀልባዬ

ወዳጆቼ፣ ኮላ በክረምት ቶሎ እንደማይደርቅ የሚነግረኝ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ጓሮዬ ውስጥ ከዩቲዩብ እየተማርኩ ካያክ እሠራለሁ፤ አንድ ሰው የሚይዝ ረጅምና ጠባብ የእንጨት ጀልባ። እንጦጦን ልትቀዝፍ ነው ወይ እንዳትሉኝ።

ባለቤቴ ዛሬ ቀዶ ሕክምና ገብታለች። ልጄ "አባዬ፣ ሐኪሞቹን አትነዝንዝ፤ ሲያልቅ እደውላለሁ" ብላ ወደ ቤት መለሰችኝ። ስልኬን አጠገቤ አድርጌ እንጨት ሳለሰልስ በሩ ተንኳኳ።

የእድራችን ሰብሳቢ ቆቡን አውልቆ ቆሟል። ከኋላው ድንኳን የተሸከሙ ሰዎች።

"ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት።"

ክንዱን ያዝኩት። "ማን ነገረህ?"

"ማንም አልነገረን። እትዬ ሆስፒታል መግባታቸውን ሰምተናል፤ የሬሳ ሳጥኑን ደግሞ በአጥሩ በኩል አየነው።"

"ጀልባ ነው፣ አንተ ሟርተኛ!"

ስልኩ እስካሁን አልጮኸም። እነሱም አልሄዱም፤ ድንኳኑን ውጭ ትተው አብረውኝ ስልኩን ያያሉ።

እናንተስ እንዲህ ስትጠብቁ እጃችሁን ምን ታስይዙታላችሁ?