በሁዳዴ የተሰበሰበ ቅርፊት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ የወደቀ የእንቁላል ቅርፊት ረግጣ ቀጭ ሲል፣ የያዝኩትን ማንኪያ ሳላስቀምጥ ቆሜ ቀረሁ። ቀበና ባለው ግቢያችን እማዬ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ፀሐይ ያደረቀውን ቅርፊት ድንጋይ ላይ በጠርሙስ ስታደቅቀው እንዲሁ ይል ነበር፤ ዶሮዎቹም ድምፁን ሲሰሙ ከየጥጋጥጉ ተንደርድረው መጥተው እግሯ ስር ይሻሙ ነበር።

በዶሮ ቀለብ ጉዳይ ቤታችን ለሁለት የተከፈለ ነበር። አባዬ ከሥራ ሲመለስ በሾላ ገበያ በኩል ዞሮ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተሸክሞ ይመጣና፣ በውሃ አርሶ በሳህን ያቀርብላቸው ነበር። እማዬ ደግሞ «ዶሮ የሚጥማት ጭራ ያገኘችው ነው» ብላ የስንዴውን ግርድ ግቢው ላይ ትበትንላቸው ነበር። ክረምት ገብቶ መሬቱ ሲጨቀይ አባዬ ያሸንፋል፤ መስከረም ጠብቶ ሣሩና ትሉ ሲበዛ እማዬ ታሸንፋለች። ቅርፊቱን ግን ማንም አይከራከርበትም ነበር፤ ለምን እንደምትሰጣቸው ስትጠየቅም «እናቴ ስታደርግ አይቼ ነው» ትል ነበር።

አንድ ዓመት በመስቀል ሰሞን፣ እንጦጦ ላይ የምትኖረው አክስቴ አንዲት ገብስማ ቄብ ሰጠችኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር፤ ጥር ላይ የመጀመሪያ እንቁላሏን ስትጥልማ እኔ የወለድኩ ይመስል ለሰፈሩ ሁሉ ይዤ ዞርኩ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ የሚጣለውን እንቁላል እማዬ ለፋሲካ ፉርሽካ ውስጥ ትቀብረው ጀመር። ጾሙ ሲጋመስ ግን ገብስማዋ አፏን አስኳል ለቅልቃ ተገኘች፤ በማግስቱም እንዲሁ። አባዬ ፊቴን ላለማየት ጫማውን እየፈታ «እንቁላሏን መብላት የለመደች ዶሮ አትተውም። ለፋሲካ እሷው ትበቃናለች» አለ። እንደኔ አንጀቱ የተቆረጠ ልጅ በሰፈሩ አልነበረም፤ እኩዮቼ ፋሲካ እስኪደርስ ሲቸኩሉ እኔ ሁዳዴ እንዳያልቅ እጸልይ ነበር።

አንድ ጠዋት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠብቄ ገና እንደጣለችው ብድግ ሳደርገው፣ እንቁላሉ ቅርፊት የለውም፤ በስስ ቆዳ ብቻ ተሸፍኖ መዳፌ ላይ ሟሸሸ። እያለቀስኩ ለእማዬ ወሰድኩላት። አገላብጣ አየችውና ቅርፊት የምታጠራቅምበትን ጣሳ ከፈተች። ባዶ ነው።

«ውይ በሞትኩት! ከቅበላ ወዲህ እዚህ ቤት እንቁላል ተሰብሮ ያውቃል? እኔ ስጾም እነሱንም አስጾምኳቸው!»

ለካ የምትበላው ቅርፊት አጥታ እንቁላሉ ራሱ እየሳሳ እየፈረጠባት የፈሰሰውን ነበር የምትለቅመው። እማዬ ነጠላዋን አንስታ አጥር ወደምትጋራን ወደ እትዬ ዘይነባ ሄደች፤ እነሱ ሙስሊሞች ናቸውና ልጆቻቸው ጠዋት ጠዋት እንቁላል ይበሉ ነበር። እትዬ ዘይነባ ነገሩን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያም በየጠዋቱ ቅርፊቱን በፌስታል አድርጋ በአጥር ታቀብለን ጀመር። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ ጎረቤት ፌስታሉን አይታ «ምነው፣ በሁዳዴ?» ብትላት፣ እማዬ ፊቷ ቀልቶ «ለዶሮዎቹ እኮ ነው!» አለች። ሴትየዋ «እሺ» ብላ አለፈች። እማዬ እስከ ፋሲካ ድረስ «አላመነችኝም» እያለች ስትብሰከሰክ፣ አባዬ ይስቅባት ነበር።

ሆሳዕና ሲደርስ አባዬ የገብስማዋን እንቁላል በጥፍሩ ኳ ኳ አድርጎ ሞከረውና ፉርሽካው ውስጥ መልሶ ቀበረው። ለፋሲካ ዋዜማ ከሾላ ቀይ አውራ ዶሮ ታቅፎ ሲገባ ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

ዛሬ እኔ ጉርድ ሾላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ። እማዬ ቀበና ጥቂት ዶሮዎች አሏት፤ የእንቁላል ጣይ መኖ በጆንያ የምወስድላት እኔ ነኝ፣ ሁሉም ነገር ተመጥኖ የተቀላቀለበት። ዘንድሮም በሁዳዴ ስሄድ አጥሩ ላይ የቅርፊት ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘሁ።

«እማዬ፣ የቅርፊቱ ምትክ መኖው ውስጥ አለላቸው እኮ። ቅርፊቱ አሁንም ምን ያደርግልሻል?»

«ቅርፊቱንስ እተወዋለሁ» አለች፣ ፌስታሉን እየፈታች። «ዘይነባን ምን ብዬ ልተዋት?»

ማታ ቤቴ ገብቼ ይህን ሳስብ ቆየሁ። ከግድግዳዬ ማዶ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ሲያስል እሰማዋለሁ። እንቁላል ይብላ አይብላ ግን አላውቅም።