ተራ ቁጥር ሰባት፣ የሎይድ ሽንት ቤት

ሎይድ ሃልቨርሰን ከባቡር ሐዲድ ጥገና ሥራ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ እዚሁ አላስካ፣ ሐዲዱ ዳር በሠራት የግንድ ጎጆ ሃያ ሁለት ዓመት ብቻውን ሲኖር ማንም ሊጠይቀው መጥቶ አያውቅም። የመኪና መንገድ የለም። ባቡሩ በሳምንት ሦስት ቀን ያልፋል፤ መሳፈር የፈለገ ነጭ ጨርቅ እያውለበለበ ያስቆመዋል። ጎረቤቱ ከወንዙ ማዶ ያለችው አክስቴ ዴልፊን ኒኮላይ ብቻ ነበረች።

አንድ ጸደይ ድብ መጣና የሽንት ቤቱን በር ገንጥሎ ይዞት ሄደ። ምን ሊያደርግለት እንደሆነ ድቡ ያውቃል። በማግስቱ ሎይድ ተቀምጦ ቀና ቢል፣ ዴናሊ ተራራ ከግርጌው እስከ ጫፉ በረዶ ለብሶ ፊት ለፊቱ ተገትሯል። ሌላ በር ሳይገጥም ቀረ።

ያን ሰሞን ሆዷን የቆረጣት አንዲት መንገደኛ ከባቡር ወርዳ ሽንት ቤት እንዲያሳያት ለመነችው። ግማሽ ሰዓት ቆይታ እንባዋን እየጠረገች ወጣች። ሎይድ ቁርጠቱ የጠናባት መስሎት አዘነላት። ለካ ሴትዮዋ ለጎብኚዎች መጽሐፍ ትጽፋለች! በሰሜኑ ምድር ሳይታዩ መታለፍ የለባቸውም ብላ በዘረዘረቻቸው ቦታዎች ውስጥ የሎይድ ሽንት ቤት ሰባተኛ ሆነ። ስንት ሺህ ዘመን የኖረው የበረዶ ግግር ዘጠነኛ ነው።

በተከታዩ ዓመት ሐምሌ አሥራ አንድ ሰው በአንዴ ሲወርድ ሎይድ ባቡሩ የተገለበጠ መስሎት ብርድ ልብስ ይዞ ሮጠ።

«ቁጥር ሰባት በየት በኩል ነው?» አለው ካሜራ ያንጠለጠለ ሰውዬ።

«የምን ሰባት?»

ሳይመልሱለት ተሰለፉ። አንድ በአንድ እየገቡ፣ ሱሪያቸውን እንደታጠቁ ተቀምጠው ተራራውን ያያሉ፤ ደመና ከሸፈነው እስኪገለጥ አንነሳም ይላሉ። ጠዋት የጠጣው ቡና ሲያጣድፈው ሎይድ አልፏቸው ሊገባ ቢል አንዲት ሴት ክንዱን ያዘችው።

«ተራ ይያዙ እንጂ አባት!»

«ሽንት ቤቱ እኮ የኔ ነው!»

«ተፈጥሮ የሁላችንም ናት።»

ሎይድ ስድስተኛ ሆኖ ተሰለፈ። ከፊቱ ያለው ወጣት ዞር ብሎ፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚመጡት?» አለው።

«ስመጣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«በየዓመቱ?»

«በየጠዋቱ።»

ወጣቱ ባርኔጣውን አወለቀለት።

ሎይድ ተናዶ በር ገጠመ። ጭራሽ ባሰ፤ በሩ ተከፍቶ ተራራው ለተቀመጠው ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ሰልፈኛው ያጨበጭብ ጀመር። ከጎጆው ጀርባ፣ ከጥድ ግንድ በቀር ምንም በማይታይበት፣ ሌላ ሽንት ቤት ቆፈረ። በዓመቱ መጽሐፉ እንደገና ሲታተም እሱም ገባ፦ «ብዙ ሰው ያልደረሰበት፣ ጸጥታ ለሚወዱ፤ ቁጥር አራት።»

በዚህ ጊዜ ነው ጀልባውን እየቀዘፈ አክስቴ ዘንድ የመጣው።

«ምነው በማለዳ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለችው።

«ዴልፊን፣ እባክሽ ሽንት ቤትሽን ብትፈቅጂልኝ።»

ታሪኩን ሲነግራት የዓሣ ማድረቂያውን ቋሚ ይዛ ሳቀች። «ከኋላ ነው። ምንም አይታይም፤ እንዳታለቅስ!»

በየቀኑ ይመላለስ ጀመር። ባዶ እጁን መምጣቱ ስላሳፈረው እንጨት ይፈልጥላት ገባ፤ ዓሣ በጢስ የምታደርቅበትን ጎጆ ጣሪያ ጠገነላት። እሷም ሳልሞን ዓሣ አቀረበችለት፤ ቁርሱ ቀስ በቀስ ምሳ ሆነ። ነሐሴ ላይ እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሲመጣ አክስቴ ከሩቅ አየችው።

«ዛሬ ባቡር የለም እኮ። ሰልፈኛም የለም። ምን አመጣህ?» አለችው።

ሎይድ የጀልባውን ገመድ እያሰረ፣ «መረብሽ የተቀደደ መስሎኝ» አለ።

መረቡ ምንም አልሆነም ነበር። አክስቴ ግን አውጥታ ዘረጋችለት፤ እሱም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ደህናውን መረብ ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጥ ዋለ።

ወንዙ በረዶ ሳይሠራ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ከወንዙ ቁልቁል ባለው መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጋቡ። አሁን የሚደርቀውን ዓሣ እሱ ይሰነጥቃል፤ አክስቴ፣ «ቁራጩን አወፈርከው፣ መች ሊደርቅ ነው!» ትለዋለች። «እሺ» ይላል። ቀጥሎ ያለውንም አወፍሮ ይሰነጥቀዋል።