ያልቋጨሁት ዘርፍ

ይህ ሕመም በጠቅላላው የወሰደብኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር፣ የሱቄን ግማሽ እና ከቀኝ እጄ ሁለት ጣት ነው። ዋጋን እስከ መጨረሻ ደብቆ ማቆየት የሱቅ ዘዴ ስለሆነ አስቀድሜ ተናገርኩት። ይህን የምጽፈው ለደንበኛ አይደለም። ስትሮክ መትቶት፣ ጭኑ ላይ የተቀመጠውን እጁን «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» እያለ ለሚያይ ሰው ነው።

ቻምብሊ ውስጥ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን መርካቶ አስተማረችኝ፣ አትላንታ ደግሞ ከለሰችልኝ። እንጀራዬ በእጄ ነው። ጨርቁን ዳስሼ የእጅ ፈትል መሆን አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ለክቼ እቆርጣለሁ። የሚሰፋው ሌላ ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትኩ ልጇን የምትድር አንዲት ሴት መጣች። ጨርቁን ዘርግቼ መቀሱን አነሳሁ። መቀሱ ወደቀ። አነሳሁት። እንደገና ወደቀ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። መቀሱ ነው ያረጀው።»

በግራ እጄ ቆርጬ ሸጥኩላት። ጠርዙ ጠማማ እንደሆነ ታውቆኝ ነበር፤ አጣጥፌ ሰጠኋት። ከዚያ ኤሲው ነው አልኩ። ብርድ መታኝ አልኩ። ፍል ውኃ አፈሰስኩበት፣ አሸሁት፣ ዘይት ቀባሁት። ለባለቤቴ ለሰናይት ደውዬ እጄ ደነዘዘ አልኳት። እሷ ዲኬተር አካባቢ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት ትንከባከባለች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ታውቀዋለች።

«አሁኑኑ ሱቁን ዝጋና ዘጠኝ አንድ አንድ ደውል» አለችኝ።

«ቅዳሜ እኮ ነው» አልኳት።

የኛ ሰው ነጠላ የሚገዛው ቅዳሜ ነው። እስኪመሽ ሸጥኩ። ሰናይት ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ሱቅ መጣች። ፊቴን አየችው። «ሳቅ እስቲ» አለችኝ። ሳቅሁ። የሳቀው ግማሹ ብቻ ነበር።

ኢመርጀንሲ ገባን። ወጣት ሐኪም መጣ። እጄን አነሳው፤ ወደቀ። «ሙሉ በሙሉ ደህና የነበርክበት የመጨረሻው ሰዓት መቼ ነው?» አለኝ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ሳላለሳልስ ልናገር። ጥያቄው የዋጋ ክርክር መሰለኝ። ብዙ ሰዓት ካልኩ ይቆጣል፣ ትንሽ ካልኩ ቶሎ ያክመኛል ብዬ አሰብኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ነው የኖርኩት።

«ሁለት ሰዓት ቢሆነው ነው» አልኩት።

ሐኪሙ ለነርሷ አንድ ነገር ሊናገር ዞረ። ሰናይት እጁን ያዘችው።

«ውሸቱን ነው። ጠዋት ነው የጀመረው። ደውሎ ነግሮኛል።»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ላዝልህ ነበር። ከጀመረህ አራት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ግን ይኸው መድኃኒት ጭንቅላትህ ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ቀድመህ ብትመጣ ይረዳህ ነበር፤ አሁን ዋሽተኸኝ ብሰጥህ ሊገድልህ ይችል ነበር።»

ሲቲ ስካን አነሱኝ። በማግስቱ ኤምአርአይ። የተዘጋችው ትንሽ የደም ሥር ናት አሉኝ። ትንሽ ብትሆንም የእጄ መንገድ ላይ ነበረች። የደም ግፊት ክኒኔን ለሁለት እየቆረጥኩ እውጥ እንደነበርም አወቁ። ለምን ብለው ጠየቁኝ። እንዲበረክትልኝ ነው አልኳቸው።

አምስት ቀን ተኛሁ። ፊቴ ተመለሰ። እግሬም ተመለሰ። እጄ አልተመለሰም።

ቤት ከገባሁ በኋላ የመጣውን ድካም ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ሸሚዝ ለመልበስ ተነስቼ፣ አንዱን ቁልፍ ሳልቆልፍ ተመልሼ እተኛ ነበር። እንቅልፍ የማይነካው ድካም ነው። ሰው ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ «አይዞህ ምንም አልሆንክም» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ቶሎ እንዲሄድልኝ እጸልያለሁ። መንዳት ተከልክዬ ነበር። ሰናይት ከቤት ቻምብሊ እያመላለሰችኝ ሱቁን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንከፍት ነበር። ኋላም የሱቁን ግማሽ ቦታ ለአከራዩ መለስኩ።

የእጅ ቴራፒ የምትሠራልኝ ሚስ ዳና የምትባል ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይሉታል። የልጅ ጭቃ የመሰለ ነገር ሰጥታ ጭመቅ ትለኛለች፣ ትንንሽ እንጨት ቀዳዳ ውስጥ ክተት ትለኛለች። ለሁለት ሳምንት ከተትኩ። በሦስተኛው ሳምንት «ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ፣ እንጨት ስከት መዋል አልችልም» አልኳት።

«እሺ። ከሰው ጋር ተቀምጠህ በሁለት እጅህ የምትሠራው ምን አለ?»

ሰናይት ቀድማኝ «ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ሴቶች አሉ» አለቻት።

ቻምብሊ ባለው የአንድ ጴንጤ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶች ተሰብስበው የእጅ ሥራ ይሠራሉ። ኪሮሽ የያዘች አለች፣ ሹራብ የምትሠራ አለች፣ ጥልፍ የምትጠልፍ አለች። ለአራስ ሕፃናት ቆብ ሠርተው ለሆስፒታል ይሰጣሉ፤ የቀረውን ለራሳቸው ይሠራሉ። አብዛኞቹ ሳምንቱን ሙሉ ሽማግሌ ሲያነሱና ሲያስተኙ የሚውሉ ናቸው። ለምን እዚያ እንደሚመጡ ስጠይቃቸው አንዷ «እዚህ የያዝኩት ነገር አይጮህብኝም» አለችኝ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ወንድ ነኝ፣ ነጠላ ሸጬላቸዋለሁ። ስገባ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ታደሰ፣ ልትሸጥ ነው ወይስ ልትሠራ?»

«ልሠራ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ጨርቅህን ይዘህ ና።»

ይዤ ሄድኩ። ሱቅ ውስጥ ሃያ ያልተቋጨ ነጠላ ነበረኝ። ሸማኔው ሲጨርስ በሁለቱም ጫፍ ልቅ ክር ይተዋል፤ ያ ክር ካልተቋጨ ጨርቁ ይተረተራል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላል የሚሆነው ግን ጤነኛ ጣት ላለው ነው። ጥቂት ክር በዚህ እጅ፣ ጥቂት በዚያ እጅ ይዘህ ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ አጥብቀህ ታከራለህ፤ ከዚያ አንድ ላይ አድርገህ በተቃራኒው ትጠመዝዛቸዋለህ፣ ጫፉን ትቋጥራለህ። ዘርፍ የሚባለው ይህ ነው። ሳይቋጭ ሲገዛ ይረክሳል። ስለዚህ እኔ ሃያውን ጠቅልዬ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

ሂሩት የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልበለጣት ሳቂታ ሴት ቆጠረችውና ለሌሎቹ አሳየቻቸው። «እዩት እስቲ ጋሼን። ስትሮክም መትቶት ሠራተኛ እየቀጠረ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። እትዬ ዘነበች አሥራ ዘጠኙን ጠቅልለው መለሱልኝና አንዱን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ይቺ ትበቃሃለች።»

የመጀመሪያው ቀን አንድ ዘርፍ አልጨረስኩም። ክሩ ከቀኝ ጣቴ ያመልጣል። ልይዘው ሳስብ እጄ ይዘገያል፤ ሲይዝ ደግሞ መልቀቅ ይረሳል። ላብ አጠመቀኝ። ሴቶቹ አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ መኖሪያ ወረቀታቸው፣ ደንዉዲ ስላለ አንድ ስስታም አሠሪ እያወሩ ይሠሩ ነበር። ቤት ደርሼ እስከ ማግስቱ ተኛሁ።

ሚስ ዳና ነጠላውን ስታይ ወደደችው። «በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ጫፍ በራስህ እጅ ጨርሰህ አምጣልኝ። ከዚያ ስለ መኪናና ስለ ሥራ እናወራለን» አለችኝ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የአንዱን ጫፍ ሲሶ ነበር የጨረስኩት። የሠራሁት ጠማማ ነው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ደክሞኝ ነበር። መንዳት ፈልጌ ነበር። ሰናይት መሪ ላይ ስታንቀላፋ አይቻለሁ።

ሂሩትን ለብቻዋ ጠርቼ «ደንበኛ ቸኩሎብኝ ነው፣ ይቺን ጨርሺልኝ፣ የተበላሸውንም አስተካክዪው» አልኳት። እየሳቀች በአንድ ቁጭታ ጨረሰችው።

ነጠላውን አጣጥፌ ይዤ ሄድኩ። ሚስ ዳና ዘርፉን በጣቷ እየዳሰሰች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች።

«በጣም ቆንጆ ነው።»

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

«ሌላ ይዘሃል?» ቦርሳዬ ውስጥ ያልተቋጨ ነበር። አወጣችው። «እዚህ ሦስት ብቻ ሥራልኝ።»

የመጀመሪያው አመለጠኝ። ሁለተኛው ተፈታ። ሦስተኛውን በጥርሴ ይዤ ሞከርኩ። እሷ ሰዓቷን አላየችም። አቆምኩ።

«ያንኛው የማን እጅ ነው?» አለችኝ።

«የሂሩት።»

«ሂሩት ቴራፒ አያስፈልጋትም» አለች። ከዚያ ወንበሯን አቅርባ ቀስ ብላ ተናገረች። «አምኜህ ቢሆን ዛሬ ድኗል ብዬ ፋይልህን እዘጋ ነበር። ኢንሹራንስህ የቀሩህን ቀጠሮዎች ያቆማል። የእጅ ዋነኛው መመለሻ ጊዜ ይሄ ነው፤ አሁን ነው። በዚህ በምታየው እጅ ቀሪ ዕድሜህን ትኖር ነበር።»

መኪና ውስጥ ሰናይት ምን አለችህ አለችኝ። ነገርኳት። እስከ ቤት ድረስ ነድታ ፓርክ አደረገችና ሞተሩን አጠፋች። «ሁለት ጊዜ» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ ለሚያክምህ ሰው የተበላሸ እቃ ልትሸጥ ሞከርክ። ሦስተኛ ጊዜ እኔ አልኖርም።» ትቼህ እሄዳለሁ ማለቷ ይሁን ወይስ ደክሟት አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ አዳራሽ ሄጄ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ሂሩት አቀረቀረች። «ደንበኛ ነው ብለውኝ እኮ ነው» አለች። ይቅርታ ጠየቅኋት። እትዬ ዘነበች ነጠላውን ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉና መለሱልኝ።

«ፍታው።»

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ?»

«እሷ የቋጨችውን ሁሉ። ስትፈታም እጅህ ይሠራል።»

ለመፍታት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። የሂሩት ቋጠሮ ጥብቅ ነበር፤ በጥፍሬ ስቆፍር እሷ ከጎኔ ተቀምጣ «ጋሼ፣ ባላጠበቅኩት ኖሮ» እያለች ትስቅብኛለች። ከዚያ እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ በሳምንት አራት፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ ቆጠራውን ተውኩት፤ ምክንያቱም ከክሩ ይልቅ ወሬውን መከታተል ጀምሬ ነበር፤ የማን ልጅ ኮሌጅ እንደገባ፣ የማን እናት ቪዛ እንደተከለከለች፣ ማን ወገቧን አሟት ሥራ እንዳልገባች እየሰማሁ ቀና ስል አንድ ዘርፍ አልቆ አገኘዋለሁ፤ ጣቴም ሳላዝዘው ክሩን መልቀቁን ያኔ ነው ያየሁት። ድካሙ አልሄደም፤ ግን ቅዳሜ ማታ የሚሰማኝ ድካም ሥራ የሠራ ሰው ድካም ሆነ፣ እሱን ደግሞ ከድሮም አውቀዋለሁ።

ቴራፒው ሲያልቅ ነጠላውን ለሚስ ዳና አሳየኋት። ጠማማ ነበር። «ይሄ ያንተ ነው» አለችና ስለ መንዳት ለሐኪሜ ጻፈችልኝ። የመንጃ ፈተናውን በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ።

አሁንም ቅዳሜ ሱቁን ከሰዓት ዘግቼ እሄዳለሁ። አሥራ ዘጠኙን ጨርሼ ኪሮሽ ጀምሬያለሁ፤ ሁለት ቆብ ሠርቻለሁ፣ አንዱ የሕፃን ራስ ላይ የሚገባ አይመስለኝም። ሂሩት «ለሐብሐብ ይሆናል» ብላለች።

ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ሰናይትን፣ ያንን ወጣት ሐኪም፣ ሚስ ዳናን፣ እትዬ ዘነበችን፣ ሂሩትን አመሰግናለሁ። ለታመምክ ወገኔ የምለው ጥቂት ነው። እጅህ ሲደነዝዝ ሰዓቱን እይ፣ አምቡላንስ ጥራ፣ የጠየቁህን እውነቱን መልስ፤ ሐኪም አይከራከርህም። ክኒንህን ሙሉውን ዋጥ። ድካም ሲመጣ ስንፍና ነው ብለህ ራስህን አትስደብ። ቤትህ ብቻህን ጭቃ አትጭመቅ፤ ሰዎች ተቀምጠው በእጃቸው የሚሠሩበት ቦታ ፈልግ፣ ብታፍርም ቢስቁብህም ተቀመጥ። ያንተን ድርሻ ሌላ ሰው አይሥራልህ፤ ፍቅር ያለው ሰው ይሠራልሃልና ተጠንቀቅ።

በዛሬው ቀን ያለው እንዲህ ነው። ሸሚዜን በሁለት እጄ እቆልፋለሁ። እነዳለሁ። ጨርቅ የሚቆርጥልኝ ሌላ ሰው ነው። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ አይዘረጉም፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ አይዘረጉም ብሎኛል።