ከኪቦርዱ አጠገብ የተቀመጠ ስልክ

ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ማውስ የሚጎትት ሰው ሳይ እበሳጫለሁ። ቀስቷን ወዲያ ወዲህ እየነዳ፣ ያችን ትንሽ ምልክት ፈልጎ እስኪነካት ድረስ እኔ ሁለት ቁልፍ ረግጬ ሌላ ሥራ ይዣለሁ። ተማሪዎቹ ቆመው ያዩኝና እንዴት አደረግሽው ይሉኛል። አሳያቸዋለሁ። እጁ የእኔ እንዳልሆነ ግን አልነግራቸውም።

የምሠራው ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ባለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጠባብ ቤት ነው፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ደጃፉ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር። እኔ ስቀጠር አንደኛው ኮምፒውተር ላይ የቆየች አንዲት ሴት ነበረች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ በሥራው ግን አያቴ ልትሆን ትችል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስጽፍ ዝም ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ተነሥታ የማውሴን ገመድ ነቀለችና ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማውስ ለሚያነብ ሰው ነው፣ ለሚጽፍ ሰው ጣቱ ይበቃዋል ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማታ ስንወጣ ትመልስልኛለች ብዬ ብጠብቅ ወይ ፍንክች!

ያን ሳምንት ጠላኋት። መቅዳትና መለጠፍማ ማንም ያውቃል። እሷ ያሳየችኝ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። ኮንትሮልና ኤች ስትረግጪ፣ ተማሪው በጥናቱ ሁሉ የተሳሳተውን አንድ ቃል ከያለበት ለቅሞ ባንዴ ያርመዋል። ኮንትሮልና ኢንተር አዲስ ገጽ ይከፍታል፤ እኔ ለካ ኢንተርን እየደበደብሁ ነበር ገጽ የምለውጠው። በአልትና ታብ ካንዱ ሰነድ ወደ ሌላው ይዘለላል፤ በአልትና ሺፍት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይታለፋል። ከሁሉ በላይ ግን ያስጠናችኝ ኮንትሮልና ኤስን ነው። አራት ነጥብ ባስቀመጠች ቁጥር ትረግጠዋለች፤ ጽሑፉ ይቀመጣል። "መብራት ሳያስፈቅድሽ ነው የሚሄድ" ትለኝ ነበር። በግራ እጇ፣ ሁለቱን ቁልፍ ባንድነት፣ ጠበቅ አድርጋ ነበር የምትረግጠው። ድምፁ ከሌላው ሁሉ ይለያል፤ ሣጥን ተዘጋ የሚያሰኝ ድምፅ ነው።

ከደባርቅ ወዲያ፣ የድብ ባሕር ልጅ ነበረች። እናቷ እዚያው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከእሷ በቀር ልጅ የላቸውም። የቤቱ ባለቤት በሥራ ሰዓት ስልክ ማውራት ስለማይወድ እናትና ልጅ የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። እናቷ ሲደውሉ፣ እምዬ ሥራ ላይ ነኝ ትልና የስልኩን ድምፅ ከፍታ ከኪቦርዱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። እሳቸው ያወራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤት ጠብ፣ ስለ ታመመችው ላም። መልስ የሚያሻው ነገር ሲመጣ ኮንትሮልና ኤስን ሁለት ጊዜ ትረግጥላቸዋለች፤ እሺ ሰምቻለሁ ማለት ነው።

እናቷ ኮምፒውተር ምን እንደሚመስል እንኳ አያውቁም። የልጃቸውን አጻጻፍ ግን ለይተው ያውቁት ነበር። አንድ ቀን እሳቸው እያወሩ እሷ ለአፍታ ወጣ ስትል እኔ በራሴ ኪቦርድ ላይ ሥራዬን ቀጠልሁ። ወዲያው በስልኩ ውስጥ፣ ይቺ ደሞ ማን ናት፣ በቆሎ ትፈለፍላለች እንዴ አሉ። ስትመለስ ነገርኋትና ሁለታችንም እስክናነባ ሳቅን። ከዚያ በኋላ ስልፈሰፈስ ባየችኝ ቁጥር የስድቤ ስም በቆሎ ሆነ። እኔም በእልህ እሷን ማየት፣ እሷን መምሰል ጀመርሁ።

ክረምቱ ሲገባ ታመመች። ራሴን አመመኝ ብላ ስልኳን ቻርጅ ላይ እንደሰካችው ትታ ወጣች፤ ከሆስፒታል አልተመለሰችም። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ወደ አገሯ ልንወስዳት አልቻልንም። እዚሁ ጎንደር ቀበርናት፣ እናቷ ሳይሰሙ።

ያልሰሙበት ምክንያት ነበረው። እናቷ ከጥቂት ቀናት በፊት ደባርቅ ሄደው የዓይናቸውን ሞራ ተገፈው ነበር። ያከማቸው ሐኪም ዓይናቸው እስኪድን ድረስ እንዳያለቅሱ፣ ካለቀሱ ዓይኑ እንደሚበላሽ አስጠንቅቆ ነበር የሰደዳቸው። ደግሞም እኛ አገር መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ይዞ፣ ሲነጋጋ ደጅ ላይ ቆሞ ነው የሚነገር። በስልክ መርዶ መንገር ነውር ነው። ስለዚህ ከቀብር መልስ ጎንደር የሚኖሩት አጎቷና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና መንገዱ እስኪከፈት፣ ዓይናቸውም እስኪድን እንዳይነገራቸው ወሰኑ። አጎቷ ስልኳን እኔ ዘንድ ተዉት። እናቷ ከደወለች፣ ሥራ ላይ ናት በያት አሉኝ። እሺ አያ አልሁ። ምን ልል ኖሯል?

አንድ ጠዋት የአንድ ተማሪ ጥናት እየጻፍሁ ስልኩ ጮኸ። "እምዬ" ይላል። ከፈትሁት። ያዘጋጀሁትን ውሸት ልናገር አፌን ብከፍት ድምፄ እምቢ አለኝ። በዚያች ቅጽበት አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ነበርና ግራ እጄ በለመደው ሄዶ ኮንትሮልና ኤስን ረገጠ።

"እህ፣ ሥራ ላይ ነሽ" አሉ እናቷ። "ጻፊ ልጄ፣ ጻፊ። እኔ ላውራ።"

ክው አልሁ። ስልኩን ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጬ መጻፍ ቀጠልሁ፤ ብቆም የሚሞቱብኝ መሰለኝ። ስለ ዓይናቸው አወሩኝ። ሸጋ ሆኗል፣ የዶሮዎቹን ቀለም እየለየሁ ነው፣ ግን ጥራት ይቀረዋል አሉ። መድኃኒቱን የምታንጠባጥብላቸው የጎረቤት ሴት እጇ ከባድ እንደሆነ ነገሩኝ። ይሰማሻል ልጄ ብለው ሲጠይቁ እጄ ሁለት ጊዜ ረገጠ። እኔ አላዘዝሁትም ብል ማን ያምነኛል? ደህና ዋይ ብለው ዘጉት። ያስፈራኝ ውሸቱ አልነበረም። ያን ጊዜ ከእሷ ለይተው በቆሎ ያሉኝ ሴትዮ አሁን አለመለየታቸው ነው ያስፈራኝ።

ለአጎቷ ሮጬ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ስል አማተቡና እግዜር የሰጠን ዘዴ ነው፣ ዓይኗ እስኪድን እንደዚያው አድርጊ አሉ። እኔም አደረግሁ። እናቷ እየደወሉ ያወራሉ፤ እኔ አንድ ቃል ሳልተነፍስ እጽፋለሁ። ደንበኛ ቢጠራኝ እንኳ በጣቴ ከንፈሬን ይዤ ዝም አሰኘዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ በማይጮኽበት ሰዓትም እሷው ራሷ ከጎኔ ያለች ይመስለኝ ጀመር። ባዶውን ወንበር ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥሁ። ያ ደግሞ ባሰ፤ አሁን ከኋላዬ ሆነች። ማውስ ልግዛ ብዬ ባሰብሁ ቁጥር ጀርባዬ ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን እናቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይኔ ሲጠራ መጀመሪያ አጥርቼ ማየት የምፈልገው ያንቺን መልክ ነው፣ መንገዱ ሲከፈት ትመጫለሽ አይደል አሉኝ። ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ። በተማሪው ጥናት መካከል፣ ስለ አፈር መሸርሸር በሚያትተው አንቀጽ ውስጥ፣ "እመጣለሁ እምዬ" ተብሎ ተጽፏል። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለም። ላጠፋው ስል እጄ ቀደመኝና አስቀመጠው። ሁለቱን ቃላት በሺፍትና በቀስቱ ቁልፍ ይዤ ሰረዝኋቸው። ያን ቀን ሥራውን ትቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ ስሄድም አለቀስሁ። ለእሳቸው የተከለከለውን እኔ እንደ ልቤ ነበር የማለቅሰው።

መንገዱ ተከፈተ። ዓይናቸውም ድኗል ተባለ። አጎቷ፣ የነፍስ አባታቸውና ዘመዶቹ ወደ ድብ ባሕር ሲሄዱ ቅሪ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ስልኩን ይዤ አብሬ ሄድሁ። ጎረቤት ቤት አድረን፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ሲነጋጋ ደጃቸው ላይ ቆምን። እናቷ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። አዲሱ ዓይናቸው የሁላችንንም ፊት አንድ በአንድ እያየ ሄደ። ማን እንደጎደለ ሲያውቁት አየሁ። ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ እናቷ መሬት ላይ ነበሩ። የቀረውን አልጽፈውም።

በሠልስቱ ማግሥት አስጠሩኝ። ቤት ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው አብጦ ተሸፍኗል ለማለት ይቻላል። ስልኩን አጎቷ ከእኔ ተቀብለው፣ የሆነውንም ነግረው ሰጥተዋቸው ጉልበታቸው ላይ አድርገውታል። እጄን ይዘው መዳፌን ገለበጡት፣ ጣቶቼንም አንድ በአንድ ዳሰሱ።

"ይኼ ነው?" አሉኝ።

"አዎ እማማ። እኔ ነኝ።"

"ሁሉም በአፉ ዋሸኝ። በአፍ የዋሸኝን ይቅር እለዋለሁ፣ አፍ የሁሉም ነው። አንቺ ግን በልጄ እጅ ዋሸሽኝ።"

ተናደድሁ፤ እውነቱን ልናገር። እኔ ምን አደረግሁ? ማን ነው ጻፊ ያለኝ? ስልኩን የሰጡኝ እነሱ፣ ጻፊ ልጄ ያሉኝ እሳቸው። ለዓይንዎ ብለን ነው እማማ አልሁ፣ ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ።

እጄን ለቀቁት። "በዓይኔ ማንን ልይበት?" አሉ።

በማግሥቱ ወደ ጎንደር ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ እጄን ልማዱን ላስጥለው ፈለግሁ። ማውስ ገዝቼ ሰካሁ። ጽሑፍ ለማስቀመጥ ቀስቷን ወደ ላይ እየነዳሁ፣ ያችን ምልክት እየፈለግሁ መንካት ጀመርሁ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች ምን ነካት እያሉ ተንሾካሾኩ። በሦስተኛው ቀን መብራት ሳያስፈቅደኝ ሄደና የአንዷን ተማሪ ሙሉ ምዕራፍ ይዞብኝ ሄደ፤ ልጅቷ ስታለቅስ አብሬ ተቀምጬ እንደገና ጻፍሁላት። ማውሱን ይዤም ግራ እጄ ሳላስበው ወደዚያች ጥግ ይሄዳል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ? ግን ጨከንሁ። ድምፁ እንዳይሰማኝ ቁልፎቹን በጣቴ ጫፍ ቀስ እያልሁ ነበር የምነካቸው። ከኋላዬ ያለው ነገር ቀስ በቀስ ራቀኝ። ሰላም ሳገኝ ደግሞ ጸጥታው ከበደኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የራሴ ስልክ ጮኸ። ሳየው የእሷ ስም ነው። አብረን የተነሣነው ፎቶ፣ ስሟ፣ ሁሉም እንዳለ። ከወንበሬ ተነሥቼ እስከ በሩ ወጣሁ። ደንበኛ ፎቶ ኮፒ ይዞ ቆሟል፤ እሱም ስልኩን፣ እኔንም ያያል። ጥሪው ሊያልቅ ሲል ተመልሼ አነሣሁት። ስልኳ እናቷ ዘንድ እንዳለ ያስታወስሁት ድምፃቸውን ስሰማ ነው።

ሰላምታ አልሰጡኝም። እኔ እንዴት ሰነበቱ ስል ዝም አሰኙኝ።

"አንቺን አይደለም የምፈልገው" አሉ። "እጅሽን ነው። ትጽፊያለሽ ወይስ ልዝጋው?"

ስልኩን ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጥሁት። ማውሱን ገፋሁትና ከአንድ ተማሪ ረቂቅ ላይ ጀመርሁ፤ ቀስ እያልሁ ሳይሆን እንደ እሷ፣ ጠበቅ አድርጌ። አንድ ገጽ እስክሞላ ትንፋሻቸውን እየሰማሁ ጻፍሁ። ከዚያ፣ ልጄ፣ አሉና ማውራት ጀመሩ። ገብሱን በረዶ መትቶት እንደነበር፣ ላሚቱ እንደወለደች፣ አንዱ ዓይናቸው ከልቅሶው ወዲህ ተመልሶ እንደደበዘዘ። ፈራሁ። ግን አላቆምሁም።

ሲጨርሱ ደህና ዋይ ልጄ አሉና ዘጉት። ለእኔ አንድም ቃል አልነበራቸውም። እስከ ዛሬም የላቸውም፤ ይደውላሉ፣ እጽፋለሁ።