ፒጂን ይተረጉሙልን የነበሩት ጋሼ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ የእናቴን ታላቅ ወንድም ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ሥጋ ፋብሪካ ከናይጄሪያውያን ጋር ሲሠሩ ፒጂን የሚሉትን የእነሱን ስብርባሪ እንግሊዝኛ ለምደው ስለነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚኖሩበት ከኬንሲንግተን እኛ እስካለንበት እስከ ሜልተን በባቡር እየመጡ የፒጂን ፊልም ይተረጉሙልን ነበር። ፊልሙ ላይ ክፉ ሰው ሲመጣ ከመካከላችን አንዱን ጠቁመው «ይኸውና አንተ!» ይላሉ። እኛም እንስቃለን።

የመጨረሻው ፊልም በዘፈን የተሠራ ነበር። ዘመዶቹ በሕይወት ሳለ ዞር ብለው ያላዩትን ሽማግሌ፣ ሲሞት በወርቅ አጊጠው እየጨፈሩ ይቀብሩታል። ጋሼ በሳቅ እየፈረሱ ዘፈኑን ተረጎሙልንና ወደ እናቴ ጠቆሙ።

«ይኸውና አንቺ!»

«ጋሼ፣ እኔ ምን አደረግሁዎ?» አለች ፊቷ ጠቁሮ።

«ምንም አላደረግሽልኝም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገረቻቸውም። አንድ ሐበሻ ጎረቤታቸው ደውሎ መታመማቸውን ሲነግራት እንኳ፣ «መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቁኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። በሳምንቱ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ሞተው ተገኙ።

ለቅሶው እኛ ቤት ሆነ። እናቴ ደረቷን እየደቃች «መከታዬ!» ስትል፣ ለቀስተኛው «ምን ያህል ብትወዳቸው ነው!» ይባባል ነበር። ሰው መቀመጫ አጥቶ ቆሟል። ጋሼ ይቀመጡበት የነበረው የሶፋው ጫፍ ላይ ግን ማንም የለም፤ እናቴ ለለቅሶው የገዛችውን ጥቁር ካፖርት አስቀምጣበታለች። ያ የደወለላት ጎረቤት መጥቶ እዚያ ሊቀመጥ ሲል ለቅሶዋን አቋረጠች።

«ቆይ» አለችው፤ «ካፖርቴ ይጨማደድብኛል።»