ኦድሪ ስተኪ ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠብቅ

የላንግሙር መንደር ሰው ሻይ ሲቀርብለት መጀመሪያ እምቢ ይላል። ጉሮሮው ደርቆ እንጨት ቢሆንም «ኧረ አይቸገሩ» ማለቱን አይተውም። የቤቲቱ እመቤት እንዳልሰማች ሆና ውሃውን ትጥዳለች፣ «ትንሽ ብቻ» ትለዋለች፤ እሱም «እንግዲህ ካሉ» ብሎ ሁለት ስኒ ይጨልጥና ኬኩን ይደግማል። በብርዱ ወራት ወንዙ እየሞላ መንገድ በሚዘጋበት በዚያ የእንግሊዝ አገር የሱመርሴት ሜዳ፣ ይሉኝታውም እንደ ጎርፉ መጠን የለውም።

በዚህ ጉዳይ ኦድሪ ስተኪን የሚያክል አልነበረም። ሟች ባሏ ሮን ለጋብቻ ሦስት ጊዜ ጠይቋታል፤ አንዴ ላም በረት ውስጥ፣ አንዴ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ አንዴ ደግሞ ብስክሌቷ ተበላሽቶባት በዝናብ ስትገፋ። በሦስተኛው «ይሁን፣ ካልክ» አለችው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰላም ኖሩ። በመጀመሪያው ጥያቄም ልቧ ፈቅዶ እንደነበር፣ እምቢ ያለችው ብስክሌቷ ደህና ስለነበረ ብቻ እንደሆነ ለሮን የነገረችው ልጆቻቸው አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ ነው። ሮን ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ኦድሪ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። እንጀራዋ የአኻያ ልምጭ ነው፤ አባቷ ያበቅል ነበር፣ እሷ ደግሞ ትሠራበታለች። ድሮ የገበያ ቅርጫት፣ የድንች ቅርጫት፣ የሕፃን አልጋ ትሠራ ነበር። ፕላስቲክ መጥቶ ቅርጫቱን ከገበያ ሲያስወጣው ወደ ሬሳ ሣጥን ዞረች። ከአኻያ በተሠራ ሣጥን መቀበር የሚወዱ ሰዎች በዝተዋል፤ ቀላል ነው፣ ያምራል፣ አፈር ውስጥም ቶሎ ይበሰብሳል። በመንደሩ ዓውደ ርዕይ ቀን አንዱን አምጥታ በሁለት አግዳሚ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ይጋደምበታል። የሞከረው ሁሉ «ይመቻል» ብሎ ይወጣል። የገዛም ሰው እስካሁን ቅሬታ ይዞ አልተመለሰም። ችግሩ፣ ሥራው ልማድ ሆኖባት ያገኘችውን ሰው ሁሉ በዓይኗ ትለካለች። የአጥቢያው ቄስ ይህን ስለሚያውቁ ሲያልፉ ትንሽ ጎንበስ ይላሉ።

ዓውደ ርዕዩ በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ሣሩ ከታጨደ በኋላ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ይደረጋል። የሚገኘው ገቢ በሰው ልግስና ለሚበረው የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ነው። አንጥረኛ አለ፣ በግ ሸላች አለ፣ ገመድ ጉተታ አለ፣ የፖም ጠጅ አለ፤ ከዚያ ደግሞ አሮጌ ትራክተሮችና አሮጌ መኪናዎች፣ ከኋላቸውም በታጣፊ ወንበር የተቀመጡ አሮጌ ባለቤቶቻቸው አሉ።

ሴድሪክ ሄምብሮ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሚስት አግብቶ አያውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኦድሪ ድንኳን አጠገብ አንዲት ትንሽ ሞተር ሲያስነሳ ኖሯል። ሞተሯ ከበርሜል ውሃ ስባ እዚያው በርሜል ውስጥ መልሳ ታፈሳለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራዋ ይኸው ነው። ሰው መጥቶ ምን ትሠራለች ሲለው «ውሃ ትስባለች» ይላል፤ ወዴት ሲለው በርሜሉን ያሳየዋል። ሁለቱም ረክተው ይለያያሉ።

ከኦድሪ ጋር የሚያወሩት ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነበር። እሷ ሚስተር ሄምብሮ ትለዋለች፣ እሱ ሚስስ ስተኪ ይላታል። በየዓመቱ አንድ ቁራሽ የዘቢብ ኬክ ታቀርብለታለች፤ አይሆንም ይላል፤ ትደግመዋለች፤ ይበላል። ያችን ቁራሽ ስትጋግር ከሌላው ጊዜ ይልቅ ዘቢብ እንደምታበዛ ለማንም አልተናገረችም።

በዚህ ዓመት ግን ሴድሪክ ሞተሯን ትቶ በመኪና መጣ። በአንድ እርሻ ጓሮ እሾህ ውጦት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1952 የተሠራ ትንሽ የወተት ጭነት መኪና ነው፤ ስድስት ዓመት ለፍቶበት አረንጓዴ ቀለም ቀብቶት እንደ አዲስ አደረገው። የዓውደ ርዕዩ ኮሚቴ የመኪናዎች ቦታ ወዲያ ማዶ፣ በጅረቱ ዳር ነው አለው። ከዚህ በኋላ ቦታው እዚያ ነው። ከኦድሪ ጎን ያለው ቦታ ለአንድ ማር ሻጭ ተሰጠ። ይህን በዕለቱ ጠዋት ስትሰማ ማር ሻጩን ሰላም ለማለት እንኳ አፏ አልታዘዝላት አለ።

አምስት ሰዓት ላይ ሴድሪክ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። ስለ ደመናው አንድ ነገር አለ። ስለ ሣሩ አንድ ነገር አለ። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናዎቹ ሜዳውን እንደሚዞሩ፣ ከሾፌሩ ጎን አንድ ወንበር እንዳለ፣ እሷ ደስ የሚላት ከሆነ እዚያ ብትቀመጥ ለሱ ትልቅ ክብር እንደሆነ ባርኔጣውን እያሸ ነገራት።

ያ ወንበር በላንግሙር ቀላል ነገር አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ከዚህ ቀደም ሁለት ጥንዶች ከእንዲህ ያለ ወንበር ወርደው ለሠርግ ቤተ ክርስቲያን ገብተዋል። ኦድሪ ይህን ታውቃለች። ልቧ ከሷ ቀድሞ መኪናው ላይ ወጥቷል።

«ኧረ አይቸገሩ፣ ሚስተር ሄምብሮ» አለች። «ድንኳኑንስ ማን ይጠብቅልኛል?»

ሁለተኛውን ጥያቄ ፈገግ ብላ ጠበቀች።

«እውነትዎን ነው» አለ ሴድሪክ። «ከሥራዎ አስተጓጎልኩዎ፣ ይቅርታ።» ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

ዞሮ ይመጣል ብላ ጠበቀች። ስትጠብቅ የጀመረችው የቅርጫት ቂጥ ተጣመመ፤ እንዲህ ያለ ስህተት ከልጅነቷ ወዲህ ሠርታ አታውቅም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በእርግጥ መጣ፤ ጆሮዋ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ሊያካፋ እንደሚችል ነግሯት ዳቦውን እየገመጠ አለፈ። እዚህ ላይ ሌላ ሴት ብትሆን ጠርታው ታስቆመው ነበር። ኦድሪ ግን ልምጯን መታጠፍ ከሚገባው በላይ አጠፈችውና ሰበረችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ፊሊፓ መጣች። ፊሊፓ የኮሚቴው ሰብሳቢ ናት፤ ከለንደን ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ የልቧን በአፏ ትናገራለች። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ሻይ ትጠጪያለሽ ሲሏት «አዎ፣ በሁለት ስኳር» ብላ ዓይኗን በጨው አጥባ መለሰች፤ መንደሩ ይህን አንድ ወር አወራው። ክፉ ሰው ግን አይደለችም። ጫማዋን አውልቃ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ተጋደመችና እጇን በደረቷ ላይ አጣምራ ወሬ ጀመረች። እግሯ ማበጡን፣ የፖም ጠጁ ማለቁን፣ ሴድሪክ ወንበሩ ባዶ ነው ብሎ ሲተክዝ አይታ «እኔ እቀመጥልሃለሁ» ማለቷን ነገረቻት።

ኦድሪ ፊሊፓን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ በዓይኗ ለካቻት። ሣጥኑ ልኳ ነበር። መክደኛው ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል፤ ኦድሪ አንዴ ወደ መክደኛው ማየቷን ኋላ ራሷ አምናለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ከማዶ የሞተር ድምፅ ተነሣ። ኦድሪ ሽርጧን ፈታች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ድንኳኗን ለሰው ትታ አታውቅም፤ ማር ሻጩን እንዲጠብቅላት ለመነችውና ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። በዚያ አገር ሰው የያዘውን ተራ መንጠቅ ከስርቆት አይተናነስም፤ እሷም ይህንኑ ልታደርግ እየሄደች መሆኑን እያንዳንዱ እርምጃዋ ይነግራት ነበር። ግን አልቆመችም።

ፊሊፓ ሻርፕ አስራ ተቀምጣለች። ሴድሪክ ከመኪናው ፊት ጎንበስ ብሎ ሞተሩን በማስነሻው ብረት ያሽከረክራል።

«ሚስተር ሄምብሮ» አለች ኦድሪ፣ «ያ ወንበር የኔ ነበር።»

ሴድሪክ ብረቱን እንደያዘ ቀና አለ። ከሱ ይልቅ ፊሊፓ ቀደመች። «የጠየቀው አንቺን ነው እንዴ? ታዲያ እፈልጋለሁ ብትዪው ምን ነበረበት?»

«ነገርኩት እኮ። እምቢ አልኩት።»

ፊሊፓ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየች። በዙሪያው ትራክተር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን ነገሩ ወዲያው ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንደኛው የበለጠ ለመስማት ሞተሩን አጠፋ።

የሴድሪክ ፊት ቲማቲም መሰለ። «እናቴ ያሳደገችኝ፣ ሴት አይሆንም ካለች መልሶ የሚጠይቅ ባለጌ ነው ብላ ነው» አለ።

«እኔ ኬኩን ሁለቴ አይደል የምጠይቅዎ? ይኸን ሁሉ ዓመት?»

«ኬክ ሌላ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። «ለኬክ እምቢ ቢባል ሰው ቤቱ ገብቶ አይከፋውም።»

 ኦድሪ ሙሉ ቀን ስትናደድ የዋለችው በሱ ነበር፤ ባርኔጣውን አድርጎ ሲሄድ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር አሁን ገና ትዝ አላት። አሳዘናት፤ በራሷም አፈረች።

ፊሊፓ ከወንበሩ ወረደች። «እናንተ ሰዎች በዚህ አያያዛችሁ እንዴት ተዋልዳችሁ እዚህ እንደደረሳችሁ ነው የማይገባኝ» ብላ ሻርፗን እየፈታች ወደ ድምፅ ማጉያዋ ሄደች።

ከፊት ያሉት መኪናዎች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከኋላ ያለው ሾፌር ክላክስ ሊያደርግ እጁን አነሣና ተወው። ሴድሪክ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ዞሮ የወንበሩን በር ከፈተ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ።

«ኦድሪ» አለ። «አብረሽኝ ትቀመጪያለሽ?»

የስልሳ ስምንት ዓመት ልማዷ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። «ኧረ አይ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሴድሪክን እጅ አየች፤ ባርኔጣውን ጨምድዶ ይዟል። ቃሉን ዋጠችው።

«እሺ» አለች። ቃሉ እንግዳ ሆነባት፤ ምናልባት አልሰማኝ ይሆናል ብላም ፈራች፤ እንዳይጠራጠር አንድ ጊዜ ደገመችለት።