ኳስ ማሳያ ቤታቸውን ዘግተው የመጡት አክስቴ

አክስቴ ከሞቱ ሁለት ወር ሆናቸው። ከጅዳ ተመልሰው መካነ ሰላም ገበያው አጠገብ ኳስ የሚያሳዩበት ቤት ከፍተው ነበር። ስለ ኳስ ግን እምብዛም አያውቁም ነበር። "ማነው እየተሸነፈ ያለው?" ብለው ይጠይቁና የተሸናፊውን ደጋፊዎች "አብሽሩ" እያሉ ሻይ ይቀዱላቸው ነበር።

አንድ እሁድ የእኛ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን በከተማው ሜዳ ይጫወት ነበር። በዚያው ሰዓት ትልቅ የአውሮፓ ጨዋታ ስለነበር ሊያየን የመጣ ሰው አልነበረም። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

"እማማ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው እኮ!" ብለው ጮኹ ጎረምሶቹ።

"ወላሂ ዛሬ እዚህ ቤት ኳስ የለም! የእህቴ ልጅ ሜዳ ላይ ናት፤ ተነሱ እንሂድ።"

እያጉረመረሙ ተከተሏቸው። አክስቴ ከፊት፣ ሠላሳ የሚሆን ጎረምሳ ከኋላ ሆነው መጥተው ሜዳው ዳር ቆሙ። ክፉኛ ተሸነፍን። አክስቴ ግን ሁሉንም አስጨበጨቧቸው፤ ከዚያም እንባዬን በሻርፓቸው ጫፍ እየጠረጉ "አብሽሪ ልጄ፣ ዛሬ እኮ ሰው አይቶሻል" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጎረምሶቹ ሳይጠሩ መምጣት ጀመሩ። እኛም መሸነፋችንን አልተውንም፤ አክስቴም ማጽናናታቸውን።

ባለፈው እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፍን። ጓደኞቼ ተቃቅፈው ሲጨፍሩ እኔ አክስቴ ይቆሙበት ወደነበረው ጥግ ዞርኩ። አላህ ማረፊያቸውን ያስፋላቸው። ስሸነፍ የሚሉኝን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሳሸንፍ ምን እንደሚሉኝ ግን ሳልሰማ ቀረሁ።